ተወዳዳሪ ቁጥር አርባ አንድ

ልብስ ሰፊዋ መጽሐፍ ጠራዡን ካየችው አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ቁጠሪ ብሎ ያዘዛት የለም። እጇ ጨርቁ ላይ፣ ዓይኗ መርፌው ላይ ሆኖ ልቧ በራሱ ጊዜ ይቆጥራል። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ልጇ ወረቀት ይዛ ከጎኗ እስክትቀመጥ ድረስ እየቆጠረ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላንብብልሽ። ብትወጂውም ንገሪኝ፣ ባትወጂውም ንገሪኝ።»

«የሥራ ነው?»

«የሥራ ነው። ግን ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።»

ልጅቷ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት የአጫጭር ልቦለዶች አርታኢ ናት። መጽሔቱ ያን ሰሞን የምናባዊ ልቦለድ ውድድር አውጥቶ ነበር። አስማት ያለበት፣ በእውነቱ ዓለም የማይሆን ነገር የሚሆንበት አጭር ታሪክ ነው የሚፈለገው። የጸሐፊው ስም በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል፤ አርታኢዋም ሆነች ሌሎቹ ዳኞች የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው። በእጇ ያለው የቁጥር አርባ አንድ ታሪክ ነበር።

ማንበብ ጀመረች። «በዚያ ከተማ ሰው ሲሞት ይቀመጥበት የነበረው ወንበር አይቀዘቅዝም። ቤቱ ውስጥ የሚወደው ሰው እስካለ ድረስ፣ ባለቤቱ አሁን ገና ብድግ ያለ ይመስል ይሞቃል።» ከዚያ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት መጣች። ቤቷ አንድ ሙቅ ወንበር አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ሌላ ወንበር ሊጠግን የመጣ አንድ ሰው ሴትየዋን ወደዳት። እሷ ግን ሌላ ሰው ብወድ ያ ወንበር ይቀዘቅዝብኛል ብላ ትፈራለች።

«ሴትየዋ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች» ብላ አነበበች ልጅቷ፤ «ሳቁን ለሌላ ቀን የምታስቀምጠው ይመስል።»

የእናትየዋ መርፌ ጨርቁ መሐል ቆመ። ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። የሰማችው ከአንድ ሰው አፍ ነው፤ የተባለውም ስለ ሌላ ስለማንም ሳይሆን ስለ ራሷ ነው።

«ምነው እማዬ?»

«ምንም። እሷን ቦታ ድገሚልኝ።»

ልጅቷ ደገመችላት። እናትየዋ ፊቷን ወደ ጨርቁ አቀረቀረች፤ ደስታዋን የምትደብቅበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

* * *

ጠራዡ የሚሠራው ልጅቷ በምትሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታሪክ ትመርጣለች፤ እሱ ታች የታተመውን ይሰፋል፣ ሙጫ ይቀባል፣ ሽፋን ያለብሳል። ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። አላገባም። ለምን ሲሉት «እናቴን ስጦር ጊዜው አለፈ» ይላል፤ በዚህ ቅሬታ የለውም።

ልብስ ሰፊዋን ከእሱ ጋር ያገናኛት የሟች ባሏ መዝገበ ቃላት ነው። ባሏ መምህር ነበር። መጽሐፉ ጀርባው ተገንጥሎ ቅጠል በቅጠል ሲሆን ልጅቷ ራሷ ወደ ምድር ቤት አወረደችው፤ እናትየዋ ልትወስደው ሄደች። ጠራዡ በሁለት እጁ አስረከባት። «ባለቤቱ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ብዙ ጽፈዋል» አላት። «ስከረክመው አንድም ፊደል አልነካሁባቸውም።» ከቀብሩ ወዲህ ስለ ባሏ እንዲህ ተጠንቅቆ የተናገረ ሰው አልገጠማትም።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ የሚጠረዝ ነገር በዛ። የልጇን የድሮ ደብተሮች ወሰደች። ከጎረቤት መጽሐፍ ለመነች። እሱም ሲያልቅባት የደንበኞቿን ልኬት የምትጽፍበትን ደብተር ይዛ ሄደች፤ ደብተሩ ምንም አልሆነም። ጠራዡ አገላብጦ አየውና ኮስተር ብሎ፣ «ይሄ ክፉኛ ተጎድቷል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይፈልጋል» አላት። ያኔ ነው አፏን ሸፍና የሳቀችው። ስለ ሳቋም ያንን ነገር ያላት ያኔ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ዝናባማ ቀን ልጅቷ ከቢሮ ስትወጣ እናቷን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አየቻት። ጠራዡ ጃንጥላውን እሷ ላይ ዘርግቶ እሱ ግማሽ አካሉ ይበሰብሳል። እናቷ ቀና ብላ የምታየው አስተያየት ነበር ልጅቷን ያስደነገጣት። እንደዚያ የምታየው አባቷን ብቻ ነበር።

«ከምድር ቤቱ ሰውዬ ጋር?» አለቻት ቤት ሲገቡ። «የሥራ ባልደረቦቼ እያዩ? አባባ ቢያይሽ ምን ይላል?»

እናትየዋ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነበራት። ለሦስተኛው ግን አጣች። በማግስቱ ሁለት መስመር ጽፋ ለጠራዡ ላከች፤ «ልጄ አልወደደችውም። ከእንግዲህ አይምጡ፤ እኔም አልመጣም።»

አልመጣም። አልጻፈምም። እሷም፣ ይህን ያህል ቶሎ እሺ ካለ ነገሩ የኔ ብቻ ነበር ማለት ነው ብላ ዋጠችው።

* * *

ልጅቷና ቁጥር አርባ አንድ መጻጻፍ የጀመሩት ከዚያ ቅዳሜ በፊት ነው። የመጽሔቱ ልማድ ነው፤ ተስፋ ያለው ጽሑፍ ሲገኝ አርታኢዋ በቁጥሩ አድራሻ አስተያየት ትልካለች፤ ጸሐፊውም አሻሽሎ ይመልሳል። አርባ አንድ መጀመሪያ የላከው ታሪክ ወንበርም ሙቀትም አልነበረውም።

«የተከበሩ ቁጥር አርባ አንድ» ብላ ነበር የጻፈችለት። «በአሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ ሰባት ነገሥታት፣ የሚናገር ፈረስ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ከተማና ሦስት ዘንዶዎች ተጋፍተው ገብተዋል። አንድ ተአምር ቢሰጡኝ አምንዎታለሁ፤ ሰባት ሲሰጡኝ ግን ማንን ልመን? ሦስተኛው ገጽ ላይ ወንበር የሚጠግን አንድ ሰውዬ አለ። ወንበሩን መታ መታ ያደርግና በድምፁ የት ላይ እንደታመመ ያውቃል። ያገኘው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም እሱን አመንኩት። ስለ እሱ ለምን አይጽፉልኝም?»

መልሱ በታይፕ ተጽፎ መጣ። «የተከበሩ አርታኢ፣ ነገሥታቱንና ዘንዶዎቹን አሰናብቻለሁ። አንደኛው ዘንዶ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ያዘዙኝን ሰውዬ ልኬያለሁ።»

ልጅቷ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። አዲሱ ጽሑፍ ከታሪኩ መጨረሻ በቀር ሁሉም ነበረበት።

ዋና አዘጋጁ፣ ሠራተኛው እሱ በሌለበት «ጋሽ መቀስ» የሚለው ሰውዬ፣ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቆ ቆሞ አነበበው። የማንንም ጽሑፍ ሳይቆርጥ ስለማያሳልፍ ነው ስሙ የወጣለት።

«ምን ቆረጡ?» አለችው ሲጨርስ።

«ምንም። አሞኝ ይሆናል» አላት። «ስሚ፣ ሰው መጽሔት የሚገዛው ቆሞ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ካላስቀመጠው መልሶ ይሰቅለዋል። ያለኝ ስምንት ገጽ ነው፤ ለስምንት ገጽ ካርታ የሚያስፈልገው ታሪክ አልፈልግም። አውቶቡስ ውስጥ ጀምሮ ሳይወርድ የሚጨርሰው፣ ከወረደ በኋላ ግን የማይለቀው ነገር ስጪኝ ስልሽ የከረምኩት ይሄን ነው። አስማቱን አንሽና ሴትየዋ ሴትየዋ ናት፤ ሰውዬውም ሰውዬው ነው። መጨረሻው የታለ?»

መጨረሻውን ለማግኘት ነበር ከቅዳሜው ንባብ በኋላ ሌላ ደብዳቤ የጻፈችው። ሥራ ብላ ጀምራ ከሥራ ወጣች። «ሰውዬው ሴትየዋን እንዲያው በነፃ ካገኛት አንባቢ ይቅር አይልዎትም፤ በነፃ የሚገኝ አስማት ልብ አይሰቅልም። ወንበሩ ከቀዘቀዘም ይቅር አይልዎትም። እኔም ይቅር አልልዎትም። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሹራቡን ሳላጥብ ሁለት ዓመት ትራሴ ሥር አስቀምጬው ነበር። እናቴ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎ ለምን እንደምጽፍም አልገባኝም።»

የዚህ መልስ አንድ ሳምንት ዘገየ። ሲመጣ ደብዳቤ አልነበረውም፤ የታሪኩ መጨረሻ ብቻ ነበር። በከተማው ሕግ፣ ሙቅ ወንበር ያለበት ቤት ገብቶ የሚኖር ሰው እሱ ሲሞት የራሱ ወንበር አይሞቅም። ሰውዬው ይህን እያወቀ የራሱን በርጩማ ይዞ ገባ። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ወደደችው። የመጀመሪያው ወንበር አንድም ቀን አልቀዘቀዘም።

ልጅቷ የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይህን የማታውቀውን ሰው አንድ ቀን ለእናቷ ላስተዋውቀው ብላ ተመኘች።

* * *

ሦስቱም ዳኞች አርባ አንድን አንደኛ አሉት። ጋሽ መቀስ ፖስታውን ቀደደና ስሙን አነበበ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «የኛው ጠራዥ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ታሪክ ሲሰፋ ኖሮ የራሱን ደብቆብናል።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ሹራቡን ነበር የምታስበው።

ቤት ስትደርስ እናቷ መስኮቱ ሥር ቁልፍ ትተክላለች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ታውቂ ነበር?»

እናትየዋ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። «ያነበብሽልኝ ቀን አወቅኩ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽኝ?»

«ብነግርሽ ትጨርሺው ነበር?»

ጥያቄው ልጅቷን ይበልጥ አናደዳት። «የአባባን ነገር ነግረሽዋል። በሱ ወንበር ላይ እንደማልቀመጥ፣ ዕቃውን እንደማናነሳ። ያ የኛ ነው፤ የቤታችን ነው። ሰውዬው ወስዶ ታሪክ ሠራበት፤ እኔን ሊያባብልበት።»

«የኔም ነው፣ ሚጡ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ልጅቷ ግን ይህን ድምፅ ከእናቷ ሰምታ አታውቅም።

«ዘጠኝ ዓመት ካንቺ ጋር ስለ አባትሽ ማውራት አልቻልኩም» አለች እናትየዋ። «ስሙን ሳነሳ ከክፍሉ ትወጫለሽ። እኔስ ለማን ላውራው? ያ ሰው ስለ አባትሽ ጠየቀኝ። ሲያስተምር ምን ይል ነበር፣ በምን ይስቅ ነበር፣ እያለ ጠየቀኝ። የወደድኩት በዚያ ነው። አንቺ ስትወጪ ይሄ ቤት ምን እንደሚመስል አታውቂም፤ የምታይው አንቺ ስትኖሪ ብቻ ነው። አባትሽን እወደው ነበር አልልሽም፤ እወደዋለሁ ነው የምልሽ። ሰውዬውንም እወደዋለሁ። ሁለቱ እኔ ልብ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። የተጣላሽው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ትንሽ ልጅ ሳለች እንደምትቀመጠው።

«ሹራቡን ታውቂ ነበር?» አለች።

«ትራስሽን ማን የሚያነጥፈው ይመስልሻል?» አለች እናትየዋ። «አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔም አሸተው ነበር።»

ለዘጠኝ ዓመት ለየብቻቸው ያለቀሱትን ያን ዕለት አብረው አለቀሱት። ሲጨርሱ ሁለቱም ቀለል አላቸው፤ ለምን እስካሁን እንደዘገዩ ለሁለቱም አልገባቸውም።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ጠራዡ የተሰፉ መጻሕፍት በመጭመቂያ ውስጥ ሲያጠብቅ አገኘችው። ሲያያት እጁን በሽርጡ ጠረገና ቆመ።

«ታሪኩን ከመጽሔቱ አንሺው» አላት ገና ሳትናገር። «አልቀየምም። መጀመሪያ ስም የማይታይበት ውድድር ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ብታውቂኝ ወይ ለእናትሽ ስትይ ታሳልፊኛለሽ፣ ወይ በእናትሽ ተናደሽ ትጥይኛለሽ ብዬ። ስለ አባትሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን ማንነቴን መናገር ነበረብኝ። ሳምንት ሙሉ ደረጃው ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ። ፈራሁ። ያ ጥፋት የኔ ነው።»

ልጅቷ ሌሊቱን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ጠፋባት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «መጨረሻውን። ዋጋውን ለምን ሰውዬው ላይ ጣሉት?»

ጠራዡ መጭመቂያውን እያየ አሰበ። «ዋጋ ይኑረው አልሽኝ። ዘወር ዘወር ብዬ አየሁ፤ ያሉት የሞተው ሰውዬና ሴትየዋ ናቸው። ከሁለቱ መውሰድ አልሆነልኝም፤ ብዙ ተወስዶባቸዋል። የቀረው እሱ ነው። እሱ ደግሞ ቅር አላለውም፣ ልጄ። ጠይቄዋለሁ።»

ልጅቷ ፈገግ ላለማለት ታገለች፤ አልተሳካላትም።

«ይታተማል» አለች። «ስለወደድኩት ነው የሚታተመው፤ የእማዬ ነገር የለበትም። የእማዬ ነገር ሌላ ነው። ያቺን ሁለት መስመር የጻፈችልዎት እኔ አስጨንቄያት ነው። እጁ የእሷ ነው፤ ደብዳቤው የኔ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

ጠራዡ አንድ መጽሐፍ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ልጅቷ ደረጃውን ስትወጣ ከኋላዋ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማችው፤ ዞር ብላ ላለማየት ተጠነቀቀች። በሕንፃው ውስጥ በሠራችበት አራት ዓመት እንደዚያ ቀን ደረጃው አጥሮላት አያውቅም።

* * *

የጥረዛ ክፍሉ መስኮት ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ነው፤ ከውስጥ የሚታየው የሚያልፍ ሰው ጫማ ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት አንድ ቡናማ የሴት ጫማ መጥቶ መስኮቱ ፊት ቆመ። አልፎ ሄደ። ተመልሶ መጣ። ጠራዡ ሽርጡን ሳያወልቅ፣ እጁ ላይ ሙጫ እንዳለ ወጣ።

ፊት ለፊት ቆሙ። ሰላምታ ተለዋወጡ።

«ለምን አልጻፉልኝም?» አለችው።

«አይምጡ አሉኝ። ከጥረዛ ሌላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁኝ ነገር እሱ ነው። እሱን እንኳ በደንብ ላድርግልዎት ብዬ ነው።»

«ቶሎ እሺ ያሉ መስሎኝ ነበር።»

«እሺ ያለው እግሬ ነው» አላት። «ሌላው አካሌ አልሰማም።»

ዓይኗ ሞላ። ሰዎች በግራና በቀኝ ያልፋሉ፤ ከሦስተኛው ፎቅም የሚያይ ይኖራል። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞር ትችል ነበር፤ አላዞረችም። የሙጫ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ይጣበቅብዎታል» አላት ጠራዡ ደንግጦ።

«ይጣበቅ። ይስሙኝ ልበል ወይስ ስማኝ?» አለችና ራሷ ሳቀች። «ስማኝ። ከተዋወቅን አንድ ዓመት አልፎናል፤ እርስዎ እየተባባልን መኖር ደከመኝ። እኔ ካሁን በኋላ የምደብቀው ነገር የለኝም። አንቺ በለኝ።»

በለኝ አለችው፤ ይበሉኝ አላለችም። ሰውዬው ሰማት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሠላሳ ዓመት የሰውን ቃል ሲሰፋ የኖረ ሰው አንዲት ቃል አቃተችው።

«አንቺ» አለ።

ልብስ ሰፊዋን አንቺ የሚላት ሰው ሞልቷል፤ ጎረቤቷም ደንበኛዋም ይላታል። በዚህ ድምፅ ግን ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ያላት አልነበረም። ድገመው ልትለው አስባ ነበር። ሳትለው ደገመላት።